የአይጦቹ አፍንጫ እጥበት ላይ አይኤል-4 ለምን ጠፋ? (ሐረር)

ጀጎል ላብ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአፍንጫ አለርጂ ሞዴል ነው የያዝነው፤ ሴት ስዊስ አልቢኖ አይጦች፣ በቡድን 6። በ0፣ በ7 እና በ14ኛው ቀን 50 ማይክሮ ግራም ኦቫልቡሚን (የእንቁላል ነጭ ፕሮቲን) ከ2 ሚሊ ግራም አሉም (ምላሹን የሚያጎላ የአሉሚኒየም ውህድ) ጋር ሆዳቸው ውስጥ ተወጉ። ከ21ኛው እስከ 27ኛው ቀን በየቀኑ ኦቫልቡሚን በአፍንጫቸው ተንጠባጠበላቸው። አሉሙ ከድሬዳዋ በበረዶ ሳጥን የመጣ ነው፣ የበረዝነው በፒቢኤስ (ፎስፌት ባለው የጨው ውሃ)። አፍንጫውን 3 ጊዜ በአንድ አንድ ሚሊ ሊትር አጥበን በኤላይዛ (ፕሮቲን በሚለካ የላብ ኪት) ስናየው አለርጂውን የሚመሩት የሴል መልእክት ፕሮቲኖች (ሳይቶካይኖች) አይኤል-4ም አይኤል-5ም ከመለኪያው በታች ናቸው። የኦቫልቡሚን አይጂኢ (የአለርጂ ፀረ እንግዳ አካል) ከኮንትሮሉ (ከማነጻጸሪያው ቡድን) እምብዛም አይለይም። ስላይዱ ላይ ኢኦሲኖፊል (በአለርጂ የሚበዛ ነጭ የደም ሴል) ስንጠብቅ ኒውትሮፊል (ባክቴሪያ የሚዋጋው) ሞልቶታል። ኮንትሮሎቹም እኩል ያስነጥሳሉ። ኪቱ ይሆን የተበላሸው? ሌላ ከማዘዛችን በፊት አንድ በሉን።

ደንገጎ፦
ኪቱን ለጊዜው ተወው አቦ። የአይጂኢው ኪትና የሳይቶካይኑ ኪት ተነጋግረው አይበላሹም። አይጂኢ ካልወጣ ጥፋቱ ከኤላይዛው በፊት፣ ከመርፌው ነው።

እኔ የምጠረጥረው የበረዶ ሳጥኑን ነው። ጠርሙሱ ከበረዶው ጥቅል ጋር ተጣብቆ ከመጣ አሉሙ በረዶ ሠርቷል ማለት ነው። አሉም አንዴ በረዶ ከሠራ ቅንጣቶቹ ይጓጎላሉ፣ ፕሮቲን የሚይዘው ገጹም ይጠባል፤ ቢቀልጥም አይመለስም። ክትባት የሚያጓጉዙ ሰዎች የሚያደርጉትን ፍተሻ አድርጉ፦ ከዚያው ዕጣ እንዳልቀዘቀዘ የምታምኑበት ጠርሙስ ካለ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ነቅንቃችሁ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አቁሙ። ጤነኛው እንደ ወተት ደፍርሶ ይቆያል። የቀዘቀዘው ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጥራጊው ታች ወርዶ ከላይ ጥርት ያለ ውሃ ይተዋል። ማስቀመጫው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው፤ በመንገድ ላይ በጠርሙሱና በበረዶው መካከል ወፍራም ካርቶን ይግባ።

ሁለተኛው ፒቢኤሱ ነው። ፎስፌቱ የአሉሙን ገጽ ቀድሞ ይይዝና ለኦቫልቡሚኑ ቦታ ይነፍገዋል። በ0.9 በመቶ ጨው ውሃ ሥሩ። ኦቫልቡሚኑን በሚሊ ሊትር 0.5 ሚሊ ግራም በጥብጡ፣ አሉሙን በሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም አድርጉ፤ እኩል በእኩል፣ እያማሰላችሁ ጠብ ጠብ አድርጋችሁ ቀላቅሉ፤ 30 ደቂቃ በዝግታ ይዙር። ለአንድ አይጥ 200 ማይክሮ ሊትር ይሆናል፣ በዚያው ቀን ይወጋ። መያዙን ለማረጋገጥ ጥቂቱን በሰንትሪፊዩጅ አውርዱና ከላይ የቀረውን ፈሳሽ በብራድፎርድ (በፕሮቲን መለኪያ) ለኩ። ፕሮቲኑ ከላይ ከቀረ አልተያዘም።

ሳቢያን፦
ደንገጎ ባለው ላይ ልጨምር። ሞዴሉ ቢሠራ እንኳ በዚህ እጥበት አይኤል-4 ማግኘት ከባድ ነው። መጠኑ ዱሮም ፒኮ ግራም ነው፣ 3 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲገባበት ምን ይተርፋል? በዚያ ላይ በአካባቢው ያሉ ሴሎች ተቀብለው ይጨርሱታል። አይጡ ከተገደለ በኋላ የመተንፈሻ ቱቦውን ክፈቱ፣ ጫፉ የደነዘዘ ካኑላ (ቀጭን ቱቦ) ወደ አፍንጫ አቅጣጫ አስገቡ፣ 350 ማይክሮ ሊትር ቀዝቃዛ ፒቢኤስ ግፉና ከአፍንጫው ቀዳዳ ተቀበሉ። ያንኑ ፈሳሽ መልሳችሁ ሁለቴ አሳልፉት። ደም ከገባበት ያ ናሙና ይጣል፦ አይኤል-33 የሚባለው ሌላ ሳይቶካይን በሴሉ ኒውክሊየስ ተቀምጦ ሴሉ ሲቆስል የሚወጣ ስለሆነ፣ ሻካራ እጅ ብቻውን ያንረዋል።

ከእጥበቱ ይልቅ የጣፊያ ሴል ይታመናል። በሚሊ ሊትር 5 ሚሊዮን ሴል፣ ኦቫልቡሚን 100 ማይክሮ ግራም፣ 72 ሰዓት፤ ከዚያ አይኤል-5፣ አይኤል-13 እና ኢንተርፌሮን ጋማን (የአለርጂ ተቃራኒ ምልክት) ከላይኛው ፈሳሽ ለኩ። አይኤል-4 ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራውን ቢ ሴል ወደ አይጂኢ ያዞራል፣ አይኤል-5 ኢኦሲኖፊሉን ያበዛል፣ አይኤል-13 ንፍጥ የሚያመነጩትን ጎብሌት ሴሎች ያበዛል። ኢንተርፌሮኑ ከፍ ብሎ ሌሎቹ ዝቅ ካሉ የአይጦቹ ምላሽ ወደ ሌላ መንገድ ሄዷል።

ከዚራ፦
ኒውትሮፊሉ ኢንዶቶክሲን (የባክቴሪያ ግድግዳ መርዝ) ይሸታል። ተራ ኦቫልቡሚን ውስጥ የባክቴሪያ ቅሪት አይጠፋም። ጥቂት ከሆነ አለርጂውን ያግዛል፣ ከበዛ ግን ምላሹን ወደ ቲኤች1 እና ቲኤች17 (አለርጂ ወዳልሆኑ የመከላከያ መንገዶች) ይገፋዋል፤ ኒውትሮፊል የሚጠራው ይሄ ነው። ኦቶክሌቭ (የእንፋሎት ማምከኛ) አያጠፋውም። የመስታወት ዕቃውን በ250 ዲግሪ 30 ደቂቃ በደረቅ ምድጃ አቃጥሉ፣ ኦቫልቡሚኑን ከኢንዶቶክሲን የጸዳውን እዘዙ።

ስታንጠባጥቡ አደንዝዛችሁ ነበር? ለደነዘዘ አይጥ 50 ማይክሮ ሊትር ከሰጣችሁ ወደ ሳንባ ወርዷል። ነቅቶ እያለ በእያንዳንዱ ቀዳዳ 10 ማይክሮ ሊትር ይበቃል።

ሐማሬሳ፦
ማስነጠሱን በተመለከተ፣ ምንጣፋቸው ሰጋቱራ ከሆነ ወንፉት፣ ብናኙ ለኮንትሮሉም አፍንጫ ያው ብናኝ ነው። የሽንት አሞኒያም እንዲሁ። ጎጆውን በቆጠራው ዕለት ጠዋት ሳይሆን በዋዜማው ቀይሩ። ቆጠራው ከመጨረሻው ጠብታ በኋላ 15 ደቂቃ ነው፤ በስልክ ቅረጹና ቡድኑን የማያውቅ ሰው ይቁጠረው። እንቁላል የነካ መኖም እንዳይቀርባቸው፤ ኦቫልቡሚን በአፍ ከገባ ሰውነት ይለምደዋል።

ስዊስ አልቢኖ ግን እርስ በርሱ ስለሚለያይ 6 ያንሳል። ባልብ ሲ (እርስ በርሱ የሚመሳሰል የላብ አይጥ ዘር) ካልተገኘ በቡድን ቢያንስ 8 አድርጉ፣ የእያንዳንዱንም ነጥብ አሳዩ።

ጀጎል ላብ፦
ፍተሻውን አሁን አደረግነው። በኋላ ከመጣው ጠርሙስ ጋር አቆምናቸው፤ የእኛው ታች ወርዶ ቁጭ አለ። ዶክተር ሳቢያን፣ ቀጣዩ ዙር ላይ አይኤል-5ን የሚያግድ ፀረ እንግዳ አካል ልንጨምር ነው፤ መቼ ይሰጥ? ደግሞ አማካሪያችን በኦቫልቡሚን ፋንታ የፋራምሲሳ (የፓርቲኒየም አረም) የአበባ ብናኝ ብንጠቀምስ ይላሉ።

ሳቢያን፦
ፋራምሲሳው ይቆይ። ብናኙን ከቅባት ማጽዳት፣ ፕሮቲኑን መለካት፣ የአይጂኢ ሳህኑን ራሳችሁ ከብናኙ ባወጣችሁት ጭማቂ መቀባት አለ፤ ሞዴሉ በኦቫልቡሚን ሳይቆም አይሞከርም።

ፀረ እንግዳ አካሉን ከ21ኛው ቀን ጀምሮ፣ ከጠብታው በፊት ስጡ። ከመርፌው ቀደም ብላችሁ ከሰጣችሁ የምታዩት ሌላ ነገር ነው። ያንኑ መጠን አይሶታይፕ (አይኤል-5ን የማያግድ ተመሳሳይ ፀረ እንግዳ አካል) የሚወስድ ቡድን የግድ ነው። አይጂኢ አልቀነሰም ብላችሁ ደግሞ አትደንግጡ፤ የአይኤል-5 ሥራ ኢኦሲኖፊሉ ላይ ነው፣ ስላይዱን ቁጠሩ።