የሰፈራችን ሜዳ ይታጠር ወይስ ክፍት ይሁን?

የጠባሴው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት። ሰፈራችን መሀል አንድ ክፍት ሜዳ አለ። ጠዋት በግና አህያ ይግጥበታል፣ ከሰዓት ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰርግም ሆነ ለቅሶ ሲመጣ ድንኳን የሚጣለው እዚያው ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ቤት የሚያሠራ ሁሉ የተረፈውን አፈርና ስብርባሪ ብሎኬት ጥጉ ላይ ይደፋበታል፣ በመንገዱ በኩል ደግሞ ሥራ ያጡ ልጆች ላቫጆ እንክፈት ብለው ባልዲ ይዘው መጥተዋል፣ ሜዳውን የሚዋሰን አንድ ጎረቤታችን ደግሞ አጥሩን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ያስጠጋል (ማታ መሆን አለበት፣ ሲያስጠጋ ያየው የለም)። ክረምት የተከልነውን ችግኝ ግማሹን በግ በላው፣ የተረፈውን የኅዳር ውርጭ ጨረሰው። እድራችን አሁን ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን በቆርቆሮ ይታጠር፣ ዘበኛ ይቀጠር፣ ቁልፉ እድሩ ጋ ይሁን ይላል። ሌላው ከታጠረማ ምኑን ሜዳ ሆነ ይላል። እሁድ ስብሰባ አለን። ምን ትላላችሁ?

ባለካርታው፦
ቆርቆሮ ከመግዛታችሁ በፊት ፕላኑን እዩ። ሜዳው በከተማው ፕላን ላይ ምን ተብሎ ነው የተቀመጠው? አረንጓዴ ቦታ ነው? የስፖርት ሜዳ? ወይስ ነገ ሊገነባበት የተያዘ ነው? ይሄን ሳታውቁ ብታጥሩ ብራችሁን ሜዳ ላይ በተናችሁ ማለት ነው። በአገራችን ለከተማ ፕላን የሚጠቀሰው መለኪያ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ነው። ስለዚህ ማንም መጥቶ «ዝም ብሎ የተቀመጠ ቦታ ነው» ቢላችሁ መልስ አላችሁ። ያ አጥር የሚያስጠጋው ሰውዬ ደግሞ ዓመት ቆጠርኩ ብሎ አይኩራ። ቦታው የሕዝብ መገልገያ ከሆነ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1455 መሠረት በይዞታ ብዛት የማንም አይሆንም። ይሄ ግን ለእድሩም ይሠራል፣ ልብ በሉ። ጠባቂ ልትሆኑ ትችሉ ይሆናል እንጂ ባለቤት አትሆኑም። ጥበቃውንም ቢሆን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተረከቡ።

ከመሀል ሜዳ፦
የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ስለ ጓሳ፣ ስለዚያ በጋራ ስለሚጠበቀው የደጋ ሣር ምድራችን ላንሳ። ያ ሁሉ ቦታ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም ያለበት፣ በአጥር አይደለም የቆየው። የሁለቱ የጥንት አባቶች የአስቦና የጌራ ዘሮች የየራሳቸውን መሪ ይመርጡ ነበር፣ አባ ቄራ ይባላል። ጓሳው ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል። ጥበቃው ተራ ነው፣ ማንም አይቀርም። ሲከፈት በበጋ ሁሉም አንድ ላይ ገብቶ ለቤቱ ክዳን፣ ለገመዱ ሣሩን ያጭዳል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ይሄ ሥርዓት ፈረሰ፣ ጓሳውም የተጎዳው ከዚያ ወዲህ ነው። በኋላ ሕዝቡ ኮሚቴ አቁሞ እንደገና መጠበቅ ጀመረ። እና እኔን ብትጠይቁኝ ቆርቆሮውን ተዉትና ተራ አውጡ።

ተከራይ ነኝ፦
ጓሳው ጥሩ ነው፣ ግን የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነ ሰው መብት ነበረው እንዴ? አልነበረውም። እኔም እዚህ ሰፈር ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ እድር ውስጥ የለሁበትም። ቁልፉ እድሩ ጋ ከሆነ ልጄ ኳስ ልጫወት ሲል ማንን ነው የሚያስፈቅደው? ዘበኛው ደግሞ የሚያውቀውን ያስገባል፣ የማያውቀውን ይመልሳል። ያለቀለት ነገር ነው። ስብሰባውን የእድርተኛ ብቻ አታድርጉት፣ ተከራዩም ላቫጆ የሚሉት ልጆችም ይጠሩ።

መምህሩ፦
ተከራይዋ ትክክል ናት። በ1968 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጋሬት ሃርዲን የሚባል ሳይንቲስት የጋራ የሆነ ነገር መጥፋቱ አይቀርም፣ ወይ መንግሥት ይያዘው ወይ የግል ይሁን የሚል ጽሑፍ አወጣ። ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ ዓሣ አጥማጁን፣ የመስኖ ተጠቃሚውን፣ የተራራ ግጦሹን ስታጠና ኖራ ሰው ተስማምቶም ሊይዘው እንደሚችል አሳየች፣ በዚያው በፈረንጁ አቆጣጠር በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለመች። ካገኘቻቸው ውስጥ ለእናንተ የሚሆነው ይሄ ነው፦ ድንበሩ ይታወቅ፣ ደንቡን የሚጠቀሙበት ሰዎች ራሳቸው ያውጡት፣ ቅጣቱም ከቀላል ይጀምር። አፈር የደፋ ሰው መጀመሪያ ራሱ ያንሳ። ሲደግም ይቀጣ። ከመነሻው 5 ሺህ ብር ቅጣት ብላችሁ ብትጽፉ ጎረቤቱን የሚቀጣ ደፋር አታገኙም፣ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

የጠባሴው፦
ተባረኩ። ነገ ፕላኑን ለማየት እሄዳለሁ። በጎረቤታችን በኩል የድንበር ድንጋይ እናቁም፣ ቆርቆሮው ይቅር ብዬ ነው እሁድ የምናገረው። ተከራዮቹን እኔው ቤት ለቤት ዞሬ እጠራለሁ። ላቫጆውን ግን እንዴት እናድርገው? ልጆቹን እንዳልከለክል ሥራ የላቸውም። ጥጓን እንስጣቸውና በምትኩ ችግኝ ያጠጡ ብዬ አስቤ ነበር።

ባለካርታው፦
ሳሙናና ዘይት ያለበትን ውሃ ነው ችግኝ የሚያጠጡት? እሱስ ይቅር፣ የታጠበበት ውሃ በየት ነው የሚወርደው? በቦዩ አድርጎ በረሳ ወንዝ ከገባ ታች ያለው ሰው ከብት ያጠጣበታል። ለጥበቃውና ለጽዳቱ ክፈሏቸው፣ ለላቫጆው ሌላ ቦታ አብራችሁ ጠይቁላቸው።

ከመሀል ሜዳ፦
ችግኙን በተመለከተ፣ ከጥቅምት ጀምሮ እያንዳንዱን በሣር ጎጆ ሸፍኑት፣ ዙሪያውን እሾህ አድርጉበት። የእኛ አገር ውርጭ አዋጅ አይሰማም።