እሁድ ወርቁን ሊወስዱ ይመጣሉ፤ ልስጥ ወይስ አልስጥ?

ጨነቀኝ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ቀለበት ካሰርን ዓመት ከመንፈቅ ሆኖን ነበር፣ አሁን ፈርሷል። ዛሬ ጠዋት አባቱ ለአባቴ ደውለው «እሁድ ሽማግሌ እንልካለን፣ ወርቁንና ልብሱን አዘጋጁ» አሉ። እኔ ግን ደሴ ለሚያሠራው ቤት 160 ሺህ ብር ሰጥቻለሁ። ፍሪጁና ሶፋውም የኔ ነው፣ እሱ ጋ ነው ያለው። እናቴ «መልሺና እንገላገል» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ አይሱዙ ተከራይቼ ፍሪጁን ላምጣ እያለ ነው።

የፒያሳው፦
ፍሪጁ ውስጥ ሥጋ ካለ ወንድምሽ ይፍጠን፤ ደሴ ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም።

እማማ ሸዋ በር፦
ልጄ፣ መልሺላቸው። የሰው ወርቅ አንገት ያሳክካል። ሌላ ወርቅ ይመጣል።

መምህሩ፦
ወገኖች፣ ጉዳዩን ከሥሩ እንየው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መተጫጨትን የሁለት ቤተሰቦች ውል አድርጎ ነበር የሚያየው። በ1992 የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ግን ስለ መተጫጨት አይናገርም። አማራ ክልል ደግሞ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995። አዲስ አበባ ያለች ዘመድሽ «እዚህ እንዲህ ነው» ብትልሽ አትስሚያት። በነገራችን ላይ ጥሎሽ የሚለው ቃል ራሱ...

የፒያሳው፦
ጋሼ፣ እሁድ ደረሰ እኮ!

ሐቀኛ፦
ቆይ፣ ማን ነው ያፈረሰው? ዋናውን ነገር ዘለሽዋል። አንቺ ከሆንሽ «ወርቁን አልሰጥም» የምትይው በምን አፍሽ ነው? እሱ ከሆነ ደግሞ ሽማግሌ መላኩ ራሱ ድፍረት ነው።

ሰይዳ፦
ኒካህ ታስሯል? ታስሮ ከሆነ ይሄ የእጮኝነት ጉዳይ አይደለም፣ ጋብቻ ነው። መህሩም፣ ባል በኒካህ ለሚስቱ የሚሰጠው ማለቴ ነው፣ የአንቺ ነው። ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚያየው ደግሞ ሁለታችሁም ስትስማሙ ነው።

ጨነቀኝ፦
ኒካህ አልታሰረም፣ ቀለበት ብቻ ነው። ያፈረሰው እሱ ነው። ቴሌግራም ላይ «ይቅርብን» ብሎ ጻፈልኝ። ምክንያቱንም አልነገረኝም።

እማማ ሸዋ በር፦
መልሺላቸው አልኩሽ፣ ልጄ። እግዜር ይተካል።

ጠበቃ ነኝ (ሆጤ)፦
አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ ወንድምሽ ይቀመጥ። የሰው በር ሰብሮ ፍሪጅ ቢያወጣ ነገ ተከሳሹ እሱ ነው።

የቴሌግራሙን መልእክት አታጥፊው፣ ስክሪንሾት አንሺና ለአባትሽም ላኪላቸው። ማን እንዳፈረሰ የሚያሳየው እሱ ነው፤ ለሠርጉ የወጣውን ወጪ ስትጠይቂ እዚያ ላይ ነው የምትቆሚው። የአዳራሽ ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነ ደረሰኙን ፈልጊ።

ወርቁን አትሽጪው፣ ለማንም አትስጪው፣ «ጠፋ»ም አትበዪ። እሁድ ሲመጡ ቡና ይፈላ፣ ሰላምታው ይሁን። ግን ወርቁ ከቤት የሚወጣ ከሆነ ዓይነቱና ግራሙ በወረቀት ተጽፎ፣ የተቀበለው ፈርሞ፣ ከሁለቱም ወገን እማኝ ፈርሞበት ይሁን። በዚያው ወረቀት ላይ ፍሪጁ፣ ሶፋውና 160 ሺህው ብር ይጻፍ። እንፈርማለን ካላሉ ወርቁ እጅሽ ላይ ይቆይና ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሂድ።

ብሩን በምን ሰጠሽው? ይሄ ነው እኔን ያሳሰበኝ። በባንክ ከሆነ ስቴትመንቱን ነገ ጠዋት አውጪ። «ብድር ነው» ብለሽ እንዳትነሺ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይ እሱ ካመነ፣ ወይ በመሐላ ካልሆነ በሰው ምስክር አይረጋገጥም። ቤቱንም አትጠይቂ፤ ካርታው በስሙ ከሆነ ሕግ ባለቤቱ እሱ ነው ብሎ ይገምታል። የምትጠይቂው ገንዘብሽን ነው፣ በሰው ገንዘብ ያለአግባብ በልጽጓል ብለሽ። ከእሁድ በፊት ወረቀቶችሽን ለሚያይልሽ ጠበቃ አሳዪ።

ጨነቀኝ፦
60ውን በባንክ ነው። 100ውን በእጁ፣ እናቱ ባሉበት።

ሐቀኛ፦
በእጁ! መቶ ሺህ ብር! በዚህ ዘመን!

ጠበቃ ነኝ፦
እናትየዋ እሁድ ይመጣሉ? ከመጡ ሽማግሌዎቹ ፊት ረጋ ብለሽ «እትዬ፣ ያን ቀን የሰጠሁት መቶ ሺህ ለምኑ ዋለ?» በያቸው። ያሉት ሁሉ ይጻፍ።

የፒያሳው፦
አይሱዙውን ለእሁድ ያዙት ብቻ። ከተስማሙ ፍሪጁን ማን ሊሸከም ነው?

መምህሩ፦
ስለ ጥሎሽ ያቋረጣችሁኝን ልጨርስ...

ሰይዳ፦
ዛሬ ሐሙስ ነው፣ እሁድ አለፈ። ጨነቀኝ፣ ምን ላይ ደረሳችሁ? የእኔ ታናሽ እህትም ሰሞኑን ቀለበቷን አውልቃለች፤ ወረቀቱን እንዴት እንደጻፋችሁት ብትነግሪን።