ጥቆማ፦ የዓለም የቤት ምግብ ከደሴ ገበያ፣ ምኑን ከየት እንግዛ?

ባለፈው እሑድ ዘመድ ጎረቤቱን ኮሻሪ የሚባለውን የግብፅ የሩዝና የምስር ምግብ ካበላሁ ወዲህ ጥያቄ በዝቶብኛል። "ዕቃውን ከየት አገኘሽው?" ይላሉ። አንዷማ "አዲስ አበባ ላስልክ ወይ?" አለችኝ። አብሽሪ እህትዋ፣ ማንንም ማስላክ አያስፈልግም። ሁሉም ነገር እዚሁ ደሴ፣ ሰኞ ገበያና ፒያሳ አለ። ልዩነቱ የቱን ከየት እንደምትገዢው ነው።

መጀመሪያ ለምን እነዚህን ምግቦች እንደያዝኳቸው ልንገራችሁ። የእኛ ቤት እንደ ብዙ የወሎ ቤት ነው። የአባቴ ወገን ሙስሊም፣ የእናቴ ወገን ክርስቲያን። ሁላችንም ስንሰበሰብ ሥጋ ከተሠራ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ሁለት ትሪ ይቀርባል። ምስርና ሩዝ ከሆነ ግን አንድ ትሪ ይበቃናል። ስለዚህ ሥጋ የሌለበት ግን ድግስ ድግስ የሚሸት ምግብ ስፈልግ ነው የግብፁን ኮሻሪ፣ የህንዱን የምስር ወጥ ዳልን፣ የሴኔጋሉን ያሳ (እኔ በዓሣ የምሠራውን) ያገኘሁት። ሦስቱም በየአገራቸው ቤት ውስጥ የሚበሉ ናቸው። ዋና ዕቃቸውም እኛ ጓዳ ውስጥ ያለው ነው።

ከሩዝ እንጀምር። ሱቆቻችን ውስጥ ከውጭ የሚገባው ረጅም ፍሬ አለ፣ አገር ውስጥ የሚበቅለው የፎገራው አለ። ብዙ ሰው የፎገራውን "ይጣበቃል" ብሎ ይሸሸዋል። እኔ ለኮሻሪ ከእሱ ሌላ አልገዛም። ግብፆቹም ለኮሻሪ የሚጠቀሙት አጠር ያለውን ፍሬ ነው። ከምስሩና ከመኮሮኒው ጋር ተያይዞ በማንኪያ ሙሉ ይነሳል። ችግሩ መልቀም ይፈልጋል፣ ጠጠር አያጣውም። ለያሳና ለምዕራብ አፍሪካው ጆሎፍ ግን ረጅሙን ግዙ። ጆሎፍ ቲማቲሙ ውስጥ ስለሚበስል በአጭሩ ሩዝ ከሠራችሁት ገንፎ ይሆንባችኋል።

አሁን ኮሻሪው። ሩዝ፣ ድፍን ምስር፣ መኮሮኒና ሽምብራ ለየብቻ ይበስላሉ። ከላይ የቲማቲም ስልስ ይፈስበታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተጠበሰ ሽንኩርት። ኮሻሪ የሚጣፍጠውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አራት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት በቀጭኑ እንደ ቀለበት እቆርጣለሁ። ጨው ነስንሼ ሩብ ሰዓት አስቀምጠዋለሁ። የወጣውን ውሃ በንጹሕ ጨርቅ አደርቃለሁ። አንድ ማንኪያ ዱቄት አለብሰዋለሁ። ዘይቱ በደንብ ሲግል በትንሽ በትንሹ እለቀዋለሁ። መጀመሪያ በኃይል ይንጫጫል። ድምፁ እየረገበ ሲመጣ ውሃው አለቀ ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ወርቅ ሲመስል አውጡት። ቡናማ እስኪሆን ከጠበቃችሁ መረረ፣ ምክንያቱም ከዘይቱ ከወጣም በኋላ መጥቆሩን አያቆምም። ዘይቱን እንዳትደፉት። ሩዙንም ስልሱንም በእሱ ሥሩ።

ስልሱ ቀላል ነው፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ከሙን፣ ትንሽ ሚጥሚጣ። መጨረሻ ላይ አንድ ሁለት ማንኪያ አቼቶ። አቼቶው ከቀረ ኮሻሪ አይደለም፣ መኮሮኒ በሩዝ ነው።

"ሽምብራው አልበስል አለኝ" ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፣ የከፍታው ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች 94 ገደማ ትደርሳለች። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ድስት ላይ ይታወቃል። ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፣ እህቴም እዚያው ናት። እሷ ቤት የሚበስለው ሽምብራ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ እኔ ቤት ስጥደው ሁልጊዜ ይዘገያል። ሩዝም ትንሽ ተጨማሪ ውሃ ይፈልጋል። ፓስታም ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ሁለት ሦስት ደቂቃ መጨመር አለበት።

ስለዚህ ደሴ ያለ ሰው ለአንድ ዕቃ ብቻ ገንዘብ ያውጣ ብባል ፕሬዠር ድስት እላለሁ። ሌሊቱን የተነከረ ሽምብራ በተራ ድስት ከሁለት ሰዓት በላይ ሲፈጅብኝ፣ በፕሬዠር ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ከሰሉም መብራቱም ይተርፋል። ገበያ ላይ ቀለል ያለ የአሉሚኒየም አለ፣ ከበድ ያለ የማይዝግ ብረት አለ። ዋጋቸው በጣም ይራራቃል። እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። የአሉሚኒየሙ ቶሎ ይግላል፣ ግን ወጥ ከሥሩ ይይዛል። ለሽምብራና ለባቄላ ብቻ ከሆነ እሱ ይበቃችኋል። ዳልም ሾርባም ልትሠሩበት ከሆነ ከባዱን ግዙ።

የመጀመሪያውን የገዛሁበትን ሱቅ ስም አልጠራም። ቤት ወስጄ ስጥደው እንፋሎቱ በጎን ይወጣል፣ አያፏጭም። ክዳኑ ውስጥ ያለው ጎማ የሌላ ድስት ጎማ ነበር። ስመልሰው "ከፍተሽዋል፣ አንቀበልም" አሉኝ። ያን ቀን በጣም ነው ያዘንኩት፣ የወር አስቤዛዬን ቀንሼ ነበር የገዛሁት። አሁን ስገዛ ሱቁ ውስጥ ክዳኑን አስከፍታለሁ፣ ጎማውን በጣቴ ዙሪያውን እዳስሳለሁ፣ ፊሽካውን አንስቼ ቀዳዳው በብርሃን እንደሚታይ አያለሁ። መለዋወጫ ጎማ የማይሸጥ ሱቅ ላይ ፕሬዠር አልገዛም። ጎማ ማለቁ አይቀርማ።

ቅመም ላይ ያለኝ አቋም ጥብቅ ነው፦ ድፍኑን ሰኞ ገበያ ግዙ፣ ቤት ቁሉት፣ ቤት ውቀጡት። በብልቃጥ ታሽጎ የሚመጣው ቢጫ የካሪ ዱቄት ውድ ነው። መደርደሪያ ላይ ስንት ጊዜ እንደቆየም አይታወቅም። ውስጡ ያለው በብዛት ድንብላል፣ ከሙን፣ እርድና አብሽ ነው። ይሄ ሁሉ ከአንድ ቅመም ሻጭ በአንዴ ይገኛል። ከሙኑን መዳፋችሁ ላይ አሹትና አሽትቱት። ሽታው ወዲያው ካልመጣ አስቀምጡት። ሻጮቹ አይቆጡም፣ እንዲያውም የኔዋ "አሽቺው እሙዬ፣ አሽቺው" እያለች ራሷ ትዘረጋልኛለች።

በዚያ ቅመም ዳል ሥሩ። ክክ ምስር በእርድና በጨው ይቀቀላል። ቲማቲም ቀድማችሁ አትጨምሩ፣ ኮምጣጣ ነገር ምስሩ እንዳይላላ ያዘገየዋል። ምስሩ ሲሟሟ በሌላ መጥበሻ ዘይት አግላችሁ ድፍን ከሙን፣ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ደረቅ ቃሪያ ጣል አድርጉበት። ከሙኑ ሲንጣጣ ከነዘይቱ ምስሩ ላይ ገልብጡት። ጭስስ ይላል፣ ቤቱን ሽታው ይሞላዋል። የኛ ምስር ወጥ ሽንኩርትና በርበሬውን መጀመሪያ ያቁላላል፣ የህንዶቹ ግን ማቁላላቱን ለመጨረሻ ያስቀሩታል። በአንድ ዓይነት ምስር ሁለት ፍጹም የተለያየ ጣዕም የሚመጣው ከዚህ ነው። ለጾምም ለፍጡርም ይሆናል፣ በእንጀራም በሩዝም ይሄዳል።

ቲማቲምና ሎሚ ከኮምቦልቻ ነው የማመጣው። እዚያ ሙቀቱ ስለሚያበስለው ቀይ ቀዩን አገኛለሁ፣ ሎሚውም ውሃ የሞላበት ነው። ግን ታክሲ ውስጥ ተጨፍልቆ እንዳይደርስ ጠንከር ያለውን ምረጡ። ቲማቲም ሲወደድ የቆርቆሮ ሳልሳ አይናቅም። እሱን ግን ውሃ ውስጥ አትበጥብጡት። መጀመሪያ ዘይት ላይ ቀለሙ እስኪጠቁር አቁላሉት፣ የቆርቆሮ ጣዕሙ ይጠፋል።

ዓሣ ለሚወድ ያሳ አለ። በሴኔጋል ብዙ ጊዜ በዶሮ ይሠራል፣ በዓሣም ይሠራል። ከሐይቅ ከተማ የሚመጣውን ዓሣ ደሴ ላይ ፍሌቶ ተደርጎ ታገኙታላችሁ፣ ግን ሐይቅ ድረስ ለመሄድ ምክንያት ካላችሁ ሙሉውን እዚያው ግዙ። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሙሉ ዓሣ አይዋሽም፦ ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ መሆን አለበት። ፍሌቶ ላይ ይሄ ሁሉ አይታይም፣ በማሽተት ብቻ ነው የምትፈርዱት። ያሳ ሰናፍጭ ይፈልጋል። የፈረንሳዮቹን በብልቃጥ ያለውን አትፈልጉ፣ የኛው ሰናፍጭ ከበቂ በላይ ነው። ዓሣውን በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በሰናፍጭ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። ከዚያ ጠበስ አድርጋችሁ አውጡት። ብዙ ሽንኩርት በዝግታ አብስሉና ዓሣውን መልሳችሁ አስገቡት። ዓሣ በጾም የማይበሉ አሉ፣ እንግዳ ስትጠሩ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጊዜ ለሌለው ቀን ሁለት ነገር ልጨምር። አንዱ የኔፕልስ ሰዎች ፓስታ ነው፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ደረቅ ቃሪያ፣ በቃ። የተቀቀለበትን ውሃ አንድ ጭልፋ አስቀርታችሁ ከዘይቱ ጋር አንቀጥቅጡት፣ ያን ጊዜ ነው የሚያያዘው። ሁለተኛው የሰሜን አፍሪካው ሻክሹካ ነው። የእንቁላል ስልስ የምታውቁ ሰዎች ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል። እንቁላሉን አትምቱት፣ ቲማቲሙ ላይ ጉድጓድ አበጅታችሁ ሙሉውን ስበሩና ክደኑት።

ለሶያ ሶስ አትቸኩሉ። የተረፈ ሩዝ በእንቁላልና በካሮት ለመጥበስ ጥሩ ነው፣ ትንሹ ጠርሙስ ግን ለብዙ ወራት ይበቃል። ሩዙን ስታተርፉ ውጭ አታሳድሩት፣ ፍሪጅ ውስጥ ይደር።

አንድ ነገር ብቻ ነው እስካሁን ያስቸገረኝ፦ የድንብላል ቅጠል። ዳል ላይ መጨረሻ ሲበተን ሌላ ምግብ ያደርገዋል። ሰኞ ገበያ አንዳንድ ቀን አገኘዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን የለም። ዘሩን ጣሳ ላይ ዘርቼ በቅሎ ነበር፣ ግን ቶሎ አበበብኝ። ሆጤም ሆነ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አካባቢ እያለማ የሚሸጥ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፣ በየሳምንቱ እገዛለሁ።