ክርክር፦ በእንግሊዝ ገጠር መንደር የሰውን ውሎ ፎቶ ለማንሳት ማስፈቀድ ግድ ነው?

አስተባባሪ፦ ኮትስዎልድ በሚባለው የእንግሊዝ ገጠር ባለችው የቢብሪ መንደር አርሊንግተን ሮው የሚባሉት ጥንታዊ የድንጋይ ቤቶች አጠገብ የሚቆም የአንድ አዛውንት ቢጫ መኪና «ፎቶ ያበላሻል» ሲባል ከርሞ፣ በ2017 (እ.ኤ.አ.) መስኮቱ ተሰብሮ፣ አካሉም ተቧጭሮ ተገኘ። ከወራት በኋላ የቢጫ መኪና ባለቤቶች ተሰባስበው በመንደሩ በማለፍ ድጋፋቸውን አሳዩ። ነዋሪው በካሜራ መሰላቸቱ ግልጽ ነው። ታዲያ የዕለት ኑሮውን ለማንሳት አስቀድሞ ማስፈቀድ አለብን?

ባለ 35፦ የለብንም። በእንግሊዝ ከሕዝብ መንገድ ላይ ሆኖ ሰውን ማንሳትን በጥቅሉ የሚከለክል ሕግ የለም። የ1997ቱ የትንኮሳ ሕግ የሚመለከተው ደጋግሞ ማስጨነቅን ነው። ለእኔ ግን ከሕጉ ይልቅ ፎቶው ይበልጣል። ሱቅ በር ላይ የሚያወሩ ሁለት ሴቶችን «ላንሳችሁ?» ስትላቸው ወሬው ይቋረጣል፣ ፊታቸውን ወደ አንተ ያዞራሉ። የመንደሩ ውሎ እዚያው ጠፋ።
አሠራሩ ይኸው፦ ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ፣ ሰፋ አድርጎ የሚያሳይ 35 ሚሊሜትር ሌንስ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ጠበብ ብሎ ኤፍ 8 ላይ፣ ፎከሱ 3 ሜትር ላይ ተቆልፎ። ከ2 እስከ 7 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ለሚራመድ ሰው የሹተሩ ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ አይውረድ፤ ደመናማ ቀን ከሆነ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 400 ይበቃል።

የመስክ ብርሃን፦ ወንድሜ፣ ሕጉን በትክክል አስቀምጠኸዋል። ግን መንደር ለንደን አይደለም። ጠዋት ያስቀየምከው ሰው ከሰዓት በኋላ በመጠጥ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ይጠብቅሃል፤ እስከዚያ ድረስ ወሬው መንደሩን አዳርሷል።
ፎቶ አንሺውን ጄምስ ራቪሊየስን ተመልከት። ከ1972 ጀምሮ ለ17 ዓመታት በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የሰሜን ዴቨንን ገጠር አነሳ፤ ቢፎርድ በሚባለው የፎቶ ማኅደር ከ70,000 በላይ ኔጌቲቭ (ፎቶ የሚታተምበት ፊልም) ተቀምጧል። እነዚያን በረቶችና ወጥ ቤቶች ከመንገድ ላይ ሆኖ ማን ያገኛቸዋል? የገባው ሰዎቹ ስላወቁትና ስለለመዱት ነው።
ማስፈቀድ ፎቶውን የሚገድለው ቸኩለህ ስታነሳ ነው። ጠይቅ፣ «ሥራዎን ይቀጥሉ» በል፣ ካሜራውን አውርደህ ቆይ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ፎቶዎች የግብር ይውጣ ይሆናሉ፤ አንሳቸውና እለፋቸው። ሰውየው አጥሩን መጠገን ሲጀምር ነው ሥራህ የሚጀምረው። በሚቀጥለው ስትመጣ ፎቶውን አሳትመህ ስጠው።

ጥቁርና ነጭ፦ ራቪሊየስ ከተነሳ፣ ኮቲንግ (የብርሃን ነጸብራቅ የሚቀንስ ቅብ) የሌላቸውን የድሮ የላይካ ካሜራ ሌንሶች የመረጠው በምክንያት ነው። ፀሐይን ፊት ለፊት ይዞ ያነሳ ስለነበር፣ ሌንሱ ኮንትራስቱን (የብርሃንና የጥላውን ልዩነት) ያለዝብለታል፤ ጥላው ውስጥ ያለው ነገርም ይታያል። ዛሬ የሚሞክር ሰው የፀሐዩ ጨረር በቀጥታ መስታወቱን እንዳይመታ በእጁ ይከልል፤ አለዚያ ምስሉ ሁሉ ይነጣል።
በቀለም ለምታነሱ፦ የኮትስዎልድ ድንጋይ ማር መሰል ነው፤ አውቶ ኋይት ባላንስ (ካሜራው ቀለሙን በራሱ የሚያስተካክልበት) ያንን ሞቅ ያለ ቀለም እንደ ስህተት ቆጥሮ ሊያጠፋው ይችላል። በቀን ብርሃን ልክ፣ 5,200 ኬልቪን ላይ ቆልፉት።
መኪናውንና የቆሻሻ በርሜሉን በኤዲቲንግ ማጥፋትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። የቆሻሻ መኪና የሚመጣበት ጠዋት የመንደሩ ኑሮ ነው። ቢጫው መኪናም እንዲሁ።

ማዶ፦ እናንተ ስለ ፈቃድ ትከራከራላችሁ፤ ብዙ ጠብ የሚነሳው ግን ከቆማችሁበት ቦታ ነው። በክሪኬት ጨዋታ ላይ ሳይት ስክሪኑ፣ ማለትም ከኳስ ወርዋሪው ጀርባ ያለው ትልቅ ነጭ ሰሌዳ፣ ፊት አትለፉ። መቺው ኳሷን የሚለየው በዚያ ነጭ ላይ ስለሆነ ጨዋታው ይቆማል። ከመስመሩ ውጭ በጎን ሆናችሁ፣ ከሩቅ በሚያቀርብ 300 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በ1/1000 ሰከንድ አንሱ።
ፈረስ በጠባብ መንገድ ሲመጣ ፍላሽ የለም፤ ቆማችሁ አሳልፉት። በጎች ባሉበት መስክ የእግር መንገዱን አትልቀቁ፣ በሩን እንዳገኛችሁት ተዉት። የላኮክ መንደር አብዛኛው የናሽናል ትረስት (ቅርስ ጠባቂ ድርጅት) ነው፤ በይዞታው ላይ ለንግድ ለማንሳት ፈቃድ ያስፈልጋል። በ1835 የፎቶግራፍ ፈር ቀዳጁ ፎክስ ታልቦት ዛሬ በእጃችን ካሉት ሁሉ ቀዳሚ የሆነውን ኔጌቲቭ ያነሳውም እዚያው ላኮክ አቢ ነው፤ የገዛ ቤቱን መስኮት ከውስጥ ሆኖ። የሰው መስኮት ከውጭ ማንሳት ግን ሌላ ነው። አርሊንግተን ሮው ሙዚየም አይደለም፣ ሰው ይኖርበታል።

ባለ 35፦ መስኮቱን እቀበላለሁ፤ ልጆችንም ወላጅ ሳይፈቅድ አላነሳም። በረት ውስጥም ያለ ፈቃድ አይገባም። መንገድ ላይ ግን አቋሜ ያው ነው። የማነሳት ሴት አይታኝ እጇን ካነሳች ካሜራዬን አወርዳለሁ፣ ያነሳሁትንም አልለጥፍም።

የመስክ ብርሃን፦ በ200 ሚሊሜትር ከድልድዩ ማዶ ሆነህ ካነሳሃትስ? በምን አይታህ እጇን ታነሳለች?

ባለ 35፦ በ200 መንገደኛ አላነሳም። 3 ሜትር ላይ የቆመ ሰው ያየኛል።

የመስክ ብርሃን፦ ማየቷማ ካነሳሃት በኋላ ነው።