እጅስ ይሸወዳል? ጥናቴን የሚያትምልኝ አጣሁ

ጠያቂ፦ ሰላም ሰዎች። ሁለት እኩል ክቦች፣ አንዱ በትልልቅ ሌላው በትንንሽ ክቦች ሲከበብ መጠናቸው የተለያየ የሚመስልበትን የኤቢንግሃውስን ምስል ታውቁታላችሁ። ዓይን ቢሸወድም እጅ መሃል ላይ የተቀመጠውን ክብ ዕቃ ሊያነሳ ሲዘረጋ ጣቶቹ የሚከፈቱት በትክክለኛው ልክ ነው የሚለው የ1995ቱ (እ.ኤ.አ.) ውጤት እኔ ጋ አልመጣም። ጆርናሉ "አዲስ ነገር የለውም" ብሎ መለሰብኝ።

መልስ 1፦ አይዞህ፣ ብቻህን አይደለህም። እ.ኤ.አ. በ2016 ኮርቴክስ የሚባለው ጆርናል ላይ የወጣው የብዙ ላብራቶሪዎች ጥናት፣ 144 ሰው ፈትኖ፣ እጅም ይሸወዳል ነው ያለው። እሱን ጠቅሰህ ሌላ ጋ ሞክር።

መልስ 2፦ ለሚቀጥለው ሬጂስተርድ ሪፖርት አስገባ፣ ኮርቴክስ እ.ኤ.አ. በ2013 ጀምሮታል። ዕቅድህን ዳታ ሳትሰበስብ ይገመግሙታል፤ ካለፈ፣ በዕቅድህ እስከሄድክ ድረስ ውጤቱ ምንም ይሁን ያትሙታል።

ጠያቂ፦ ይሄን ማን ነገረኝ! ያሁኑን ሳይአርካይቭ (ገና ያልታተሙ የሥነ ልቦና ጥናቶች የሚጫኑበት ድረ ገጽ) ላይ ልጫነው?

መልስ 1፦ ጫነው። የምትልክበትን ጆርናል ደንብ ግን አስቀድመህ እይ።