የአካባቢ ጂኦሎጂን የትኩረት መስኬ ላድርገው ወይስ ይቅርብኝ?

የባቱዋ ተማሪ፦
የጂኦሎጂ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ በቅርቡ የትኩረት መስክ መምረጥ ይጠበቅብኛል። ልቤ ያዘነበለው ወደ አካባቢ ጂኦሎጂ፣ ማለትም አለት፣ አፈርና ውሃ ከሰው ኑሮና ጤና ጋር ያላቸውን ግንኙነት ወደሚያጠናው ዘርፍ ነው። ባቱ ሳድግ ብዙዎቹ የክፍል ጓደኞቼ ጥርሳቸው ቡናማ ነበር፤ ምክንያቱ በምንጠጣው ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ መሆኑን ያወቅሁት ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ጓደኞቼ መስኩ የማዕድን ፍለጋን ያህል እንጀራ አይሆንም፣ ትምህርቱም ቀለል ያለ ነው ይሉኛል። በሙያው ያላችሁ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የውሃ ጉድጓድ ባለሙያ፦
እህቴ፣ ቀላል ነው የሚሉሽን አትስሚ። ያነሣሽው ፍሎራይድ ከስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አለቶች እየሟሟ ወደ ውሃው ይገባል፤ ውሃው ሶዲየም የበዛበትና ካልሲየም ያነሰው በመሆኑም ፍሎራይዱ ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ መዝቀጥ ስለማይችል፣ በብዙ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም በላይ ይገኛል። ይህን ያለ ማዕድን ጥናትና ያለ ኬሚስትሪ መረዳት አይቻልም። የመስክ ሥራውም ጥንቃቄ ይሻል፦ ጠርሙሱ በዚያው በሚቀዳው ውሃ ደጋግሞ ይለቀለቃል፤ ናሙናው ቤተ ሙከራ እስኪደርስ በውስጡ ያለው ጋዝ ስለሚወጣ ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት መጠን) የሚለካው እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። እኔ በመጀመሪያ የመስክ ሥራዬ ይህን ችላ በማለቴ ያን ሁሉ መንገድ እንደገና ለመሄድ ተገድጃለሁ።

የተዳፋት መሬት አጥኚ፦
መስኩ ውሃ ብቻ እንዳይመስልሽ እጨምራለሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ናዳ በደረሰ ጊዜ፣ በመጀመሪያው የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች በሁለተኛው ተቀብረዋል። አንድ ጊዜ የተናደ ተዳፋት በዝናብ እንደራሰ ዳግም ሊናድ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ባለሙያ በየወረዳው ቢኖር እያልኩ ዛሬም እቆጫለሁ። መሬት ላይ የሚታይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ፣ ባልነበረበት የፈለቀ ምንጭ፣ እነዚህን ማንበብ የአንቺ ሥራ ይሆናል። እንጀራን በተመለከተ፣ የጉድጓድ ቁፋሮ፣ የመንገድና የግድብ ጥናት እንዲሁም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ የተደነገገው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይህን ሙያ ይፈልጋሉ፤ ሆኖም ሥራው በአብዛኛው በፕሮጀክት የተንጠለጠለ ስለሆነ ክፍተት ይኖረዋል።

የባቱዋ ተማሪ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ኬሚስትሪ ላይ ደካማ ስለሆንኩ በክረምቱ እሱን ከሥር ከመሠረቱ እጀምራለሁ።

የውሃ ጉድጓድ ባለሙያ፦
ከውሃ ኬሚስትሪ ጋር ጂአይኤስንም (በኮምፒውተር ካርታ የመሥራትና የቦታ መረጃ የመተንተን ዘዴ) ጎን ለጎን ያዢ። የመመረቂያ ጥናትሽንም እዚያው ባቱ ብትሠሪው መልካም ነው፤ የትኛው ሰፈር ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚጠጣ ካንቺ በላይ የሚያውቅ አይገኝም።