ሰሜን ዋልታ ላይ ነጥቦች እየጠፉብኝ ነው፤ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ደሴ ሆኜ በሰሜን ዋልታ ዙሪያ የሚንሳፈፉ መለኪያዎችን መገኛ ሞንጎዲቢ (MongoDB) በሚባለው ዳታቤዝ ላይ አስቀምጣለሁ። ኢንዴክሱ (የፍለጋ ማውጫው) ምድርን እንደ ሉል የሚቆጥረው ቱዲስፊር (2dsphere) ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ባለው ቦታ ስሞክረው ልክ ይሠራል። ዋልታው ጋ ግን ግራ ገባኝ።

ከ85 ዲግሪ ሰሜን በላይ ያለውን ሁሉ ፈልጌ ፖሊጎን (ባለብዙ ማዕዘን ቅርጽ) ሠራሁ። ማዕዘኖቹ ኬንትሮስ 0፣ 90፣ 180 እና -90 ላይ ናቸው፤ ሁሉም ኬክሮስ 85። ኬንትሮስ 0፣ ኬክሮስ 86 ላይ ያለው ነጥብ ይመጣል። ኬንትሮስ 45፣ ኬክሮስ 86 ላይ ያለው ግን የለም! የስህተት መልእክት እንኳ አይሰጥም። ያስጨነቀኝ ይሄ ነው፤ ሳላውቅ ስንቱ ይቀርብኛል?

ዳታቤዙ ማዕዘኖቹን የሚያገናኘው ኬክሮሱን ተከትሎ ሳይሆን በሉሉ ላይ ባለው አጭር መንገድ ይመስለኛል። ሳሰላው መስመሩ መሃል ላይ ወደ ኬክሮስ 86.5 ገደማ ይጠጋል፤ ስለዚህ እዚያ 86 ላይ ያለው ነጥብ ከፖሊጎኑ ውጭ ይቀራል።

ታዲያ የቱ ይሻላል? በየ1 ዲግሪው ማዕዘን ልጨምር? ወይስ በክብ ውስጥ ያለውን በሚፈልገው ሴንተርስፊር ($centerSphere) ዋልታውን መሃል አድርጌ ራዲየሱን 0.0873 ራዲያን (5 ዲግሪ) ልበለው? ሁለተኛው ይቀላል። ግን ቀጥሎ የምፈልገው ከ80 እስከ 85 ያለውን ቀለበት ብቻ ነው። እሱን እንዴት ትሠሩታላችሁ? የሞከረ ካለ ኮዱን ቢያሳየኝ በጣም አመሰግናለሁ።